የአሜሪካን የሕዝብ ትምህርት ቤት ታሪክ ለማጥናት ከየት ይጀመራል?

ከዋሽንግተን፣ ማለትም ከፌዴራሉ መንግሥት፣ አትጀምሩ። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ስለ ትምህርት ምንም አይልም፤ ጉዳዩ የየግዛቱ ነው። ስለዚህ አንድ ግዛት ምረጡና ተከተሉት፣ እኔ ብሆን ማሳቹሴትስን። በ1647 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) 50 አባወራ ያለው መንደር ማንበብና መጻፍ የሚያስተምር ሰው እንዲቀጥር ሕግ የወጣው እዚያ ነው። ሰበቡ ሃይማኖት ነበር፤ ሰው መጽሐፍ ቅዱስ ማንበብ አለበት ተብሎ። ከዚያ ወደ 1837 ዝለሉ። ሆራስ ማን የግዛቱ ትምህርት ቦርድ ጸሐፊ ሆኖ፣ የሀብታሙም የድሃውም ልጅ አብሮ የሚማርበት፣ በግብር ገንዘብ የሚተዳደር ትምህርት ቤት እንዲስፋፋ መሟገት የጀመረው ያኔ ነው። በ1852 ማሳቹሴትስ ትምህርትን ግዴታ አደረገች፤ ሚሲሲፒ እስከ 1918 ቆየች።

አሁን ደግሞ ወደ ደቡብ ውረዱ፤ ዋናው ጉድ ያለው እዚያ ነው። በባርነት ዘመን ለባሪያ ፊደል ማስተማር በሕግ የተከለከለባቸው ግዛቶች ነበሩ። ነፃ የወጡት ሰዎች ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ ከሌላቸው ላይ እያዋጡ ትምህርት ቤት ከፈቱ፣ ግን ጥቁርና ነጭ ተማሪዎችን በዘር መለያየቱ ቀጠለ። በ1954 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይህ መለያየት ሕገወጥ ነው አለ። አለቀ ብላችሁ መዝገቡን እንዳትዘጉ! በ1957 በአርካንሳስ ግዛት ሊትል ሮክ ከተማ ውስጥ 9 ጥቁር ተማሪዎች ክፍል የገቡት በወታደር ታጅበው ነው።

ገንዘቡንም አትርሱ። ትምህርት ቤቶች በከፊል የሚደጎሙት ከአካባቢው የቤትና የመሬት ግብር ስለሆነ የሰፈር ልዩነት እስከ ክፍሉ ይዘልቃል። ስደተኛ ወላጅ ከሆናችሁ ደግሞ የ1982ቱን የጠቅላይ ፍርድ ቤት ፍርድ (Plyler v. Doe) ፈልጉ፦ ግዛቶች መኖሪያ ፈቃድ የሌለውን ልጅ ከነፃ ትምህርት ማገድ አይችሉም።