የቀይ ባሕሩ ሶሃል በቤት ገንዳ፦ የሚታዩ ችግሮችና መፍትሔዎቻቸው

ሶሃል በቀይ ባሕርና ከዚያ አልፎ እስከ ዐረብ ባሕረ ሰላጤ ባለው አካባቢ የሚኖር፣ ሰማያዊና ነጭ ሸንተረር ያለው ዓሣ ሲሆን እስከ 40 ሴንቲ ሜትር ያድጋል። በጅራቱ ሥር፣ በግራም በቀኝም፣ እንደ ምላጭ የሚቆርጥ እሾህ አለው። በተፈጥሮው ማዕበል በሚመታው የኮራል ጠርዝ ላይ ክልሉን እያስከበረ አልጌ ሲግጥ የሚውል ስለሆነ፣ ጠበኛነቱም ለበሽታ መጋለጡም በጠባብ ገንዳ ውስጥ አብረው ይብሳሉ። ስለዚህ መድኃኒት ከመግዛታችሁ በፊት ገንዳችሁን መርምሩ።

ምልክት፦ ሌሎቹን ዓሦች ያሳድዳል፤ ክንፋቸው ተቀዶ ይታያል።
ሊመታ ሲል ጎኑን ሰጥቶ ጅራቱን ወደ ባላጋራው ይወነጭፋል። ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ የቦታ ጥበት ወይም ክልሉን ከያዘ በኋላ የመጣ አዲስ ዓሣ ነው። ለአንድ ሶሃል 2.4 ሜትር ያህል ርዝመትና 1,000 ሊትር ገደማ ውሃ ያለው ገንዳ ያስፈልገዋል ባይ ነኝ፤ ወደ ገንዳው የሚገባውም ከሁሉም በኋላ መሆን አለበት። ሌላ ዓሣ መጨመር ግድ ከሆነ፣ አዲሱን ቀዳዳ ባለው ግልጽ ሣጥን ውስጥ ለጥቂት ቀናት አቆዩት፤ ከመልቀቃችሁ በፊትም የአለቱን አቀማመጥ ለውጡ። የተጠቃው ዓሣ መብላት ካቆመ ግን ሳትዘገዩ ለዩት።

ምልክት፦ የጨው ቅንጣት የሚመስሉ ነጭ ነጠብጣቦች ይወጡበታል፤ ሰውነቱን በአለት ይፈትጋል።
ይህ ክሪፕቶካርዮን የተባለ ጥገኛ ተህዋስ ነው። ተህዋሱ በዓሣው ቆዳ ላይ ለጥቂት ቀናት ከተመገበ በኋላ ይረግፋል፤ በአሸዋና በአለት ላይ ተጣብቆ ይራባል፤ ከዚያ በብዙ እጥፍ ሆኖ ይመለሳል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። እኔም ነጠብጣቡ በአራተኛው ቀን ሲጠፋ ዓሣዬ የዳነ መስሎኝ ነበር፤ ሲመለስ ግን ስንጥቡን ሳይቀር ወርሮት አገኘሁት። መፍትሔው ዓሦቹን ሁሉ ወደ ማግለያ ገንዳ አውጥቶ በመዳብ መድኃኒት ማከምና መጠኑን በየቀኑ በመመርመሪያ እየለኩ መከታተል ነው፤ መጠኑ እንደ መዳቡ ዓይነት ስለሚለያይ የማሸጊያውን መመሪያ ተከተሉ። መዳብ ኮራልን፣ ሽሪምፕንና ቀንድ አውጣን ስለሚገድል በዋናው ገንዳ ውስጥ ፈጽሞ አትጨምሩ። ዋናው ገንዳ ያለ ዓሣ ይቆይ፤ ብዙ አርቢዎች 76 ቀን ይጠብቃሉ። ሶሃልን ስታወጡ እሾሁ መረብ ላይ ስለሚጠላለፍ በሰፊ የፕላስቲክ ዕቃ ቅዱት። ነጠብጣቡ እንደ ዱቄት የደቀቀ ከሆነና ዓሣው ቶሎ ቶሎ የሚተነፍስ ከሆነ፣ ይህ በቀናት ውስጥ የሚገድል ሌላ ተህዋስ ሊሆን ስለሚችል ሕክምናው ለነገ አይባልም።

ምልክት፦ ነጠብጣብ ሳይኖር ከውሃው የላይኛው ገጽ አጠገብ ሆኖ ያለከልካል።
ኦክስጅን አንሶታል ወይም አሞኒያ፣ ማለትም ከዓሣ ቆሻሻ የሚመጣ መርዝ፣ ተከማችቷል። የፓምፑን አፍ ወደ ላይ አዙሩ፤ አሞኒያውን ለኩ፤ ከተገኘም ጨውነቱና ሙቀቱ በተመጣጠነ ውሃ ከፊሉን ቀይሩ።

ምልክት፦ በራሱና በጎኑ መስመር ላይ ቆዳው ይቦረቦራል።
ይህ ከምግብ ጉድለትና ከማጣሪያ ከሰል ብናኝ ጋር የተያያዘ ነው። ከሰሉን አውጡ። ያልተቀመመ ደረቅ የባሕር አረም በመቆንጠጫ መስታወቱ ላይ አያይዛችሁ በየቀኑ አቅርቡለት፤ አንዳንዴም ቫይታሚን አንጠብጥቡበት። ቀለሙ የሚመለሰው በወራት ውስጥ ሲሆን፣ ጉድጓዱ ጥልቅ ከነበረ ጠባሳው ሊቀር ይችላል።