«ዩስቱ»ን በዕለት ተዕለት እንግሊዝኛ እንዴት እንጠቀማለን?

አንድ የጀልባ ነጂ ለእንግዳው «ዊ ዩስ ቱ ጎ ቱ ዘጌ ኢን ዘ ሞርኒንግ» አለው እንበል። ሊል የፈለገው «ወደ ዘጌ ብዙውን ጊዜ የምንሄደው ጠዋት ነው» ነው። እንግዳው የሰማው ግን ሌላ ነው፤ «ድሮ ጠዋት ጠዋት ወደ ዘጌ እንሄድ ነበር፣ አሁን ቀርቷል»። አመስግኖ ወደ ሌላ ጀልባ ይሄዳል። ነጂው ምን እንዳስቀየመው ሳይገባው ይቀራል።

ባሕር ዳር ውስጥ ይህ ስህተት በየቦታው ይሰማል። ጣና ዳር፣ ሆቴል ውስጥ፣ ባጃጅ ላይ። የእንግሊዝኛ መማሪያ መጽሐፉ «ዩስቱ»ን አንድ ሠንጠረዥ ሰጥቶ ያልፋታል፤ ችግሩ ግን ከሠንጠረዡ በፊት፣ ከጆሮ ይጀምራል። እኛም ከዚያ እንጀምር።

መጀመሪያ ድምጿን ያዙ

«ዩስቱ» ስትጻፍ «used to» ናት፤ የመጀመሪያው ቃል መጨረሻ ላይ «ዲ» ፊደል አለ። ስትነገር ግን የለም። ሁለቱ ቃላት ተጣብቀው «ዩስቱ» ይሆናሉ፣ ያልቃሉ። ለዚህ ነው ነጂው «ዩስ ቱ» ሲል እንግዳው ያለፈ ነገር የሰማው። «ዲ»ዋን ስለተዋት ወደ አሁን ጊዜ አትመጣለትም። ለሚሰማው ሰው ሁለቱም አንድ ናቸው።

እንግሊዝኛን በፊደላችን መጻፍ እንደ ነውር የሚያዩ አስተማሪዎች አሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ለድምፅ ልምምድ «ሰ» እና «ዘ»ን በግልጽ የሚለይ ፊደል ይዘን ለምን እንቸገራለን? ወደ ኋላ እንደምታዩት ለዚች ጉዳይ ልዩነቱ ወሳኝ ነው።

አሁን ስለምታደርጉት ነገር ስትናገሩ «ዩስቱ»ን ጨርሶ ጣሏት። በምትኳ «ዩዡዋሊ» በሉ፤ «ዊ ዩዡዋሊ ጎ ቱ ዘጌ ኢን ዘ ሞርኒንግ»። ጀልባው ይሞላል። (ሰዓቱን በቁጥር ከነገራችሁ ደግሞ በማን አቆጣጠር እንደሆነ ተናገሩ። የእኛ ሁለት ሰዓት የእነሱ ስምንት ነው፤ ባዶ ጀልባ ይዞ የሚጠብቅ ሰው በዚህም ምክንያት አይጠፋም።)

ቀጥሎ «ድሮ» እና «አሁን ግን ቀረ» በሉ

ዓረፍተ ነገሩን በአማርኛ አስቡት። ፊቱ ላይ «ድሮ»፣ መጨረሻው ላይ «አሁን ግን ቀረ» ወይም «አሁን ግን ተለውጧል» ጨምሩበት። ካላጣላው «ዩስቱ» ትገባለች። ከኋላዋ የሚመጣው ግስ ምንም ሳይጨመርበት፣ እንዳለ ይገባል።

አባታችሁ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ይሠሩ ከነበረ፦ «ማይ ፋዘር ዩስቱ ወርክ አት ዘ ቴክስታይል ፋክተሪ»። በሳይክል ይመላለሱ ከነበረ፦ «ሂ ዩስቱ ጎ ባይ ባይሲክል»። ፔዳ (የመምህራን ኮሌጁ) እና ፖሊ (ፖሊቴክኒኩ) በ1992 ዓ.ም. ተዋህደው ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ከመሆናቸው በፊት ለየብቻ ነበሩ፦ «ፔዳ ኤንድ ፖሊ ዩስቱ ቢ ሴፓሬት»።

ለአስጎብኚ ደግሞ ከጢስ ዓባይ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። የፏፏቴው ውሃ በ1990ዎቹ በብዛት ለኃይል ማመንጫ መወሰድ ጀመረ። በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው ጣና በለስ ደግሞ ከሐይቁ ውሃ በዋሻ ወስዶ ወደ በለስ ያወርዳል። በጋ ላይ የመጣ እንግዳ ፎቶው ላይ ያየውን አጥቶ ፊቱ ሲጨልም ዝም አትበሉ። «ዘ ፎልስ ዩስቱ ቢ ማች ቢገር» በሉና ምክንያቱን አስረዱት። «ወዝ ቢገር» ብትሉም ይገባዋል። ግን መቼ? ትናንት? ባለፈው ሳምንት? «ዩስቱ» ስትሉ ድሮ ዘወትር እንዲያ እንደነበረና አሁን እንደተለወጠ በአንድ ትንፋሽ ተናገራችሁ።

«ነበር»ን ማመን አቁሙ

ከባዱ እዚህ ላይ ነው። ብዙ ተማሪ «ዩስቱ ማለት ነበር ነው» ብሎ ይሸመድዳል። ከዚያ ነበር ባየ ቁጥር ይሰካታል። አማርኛችን ግን በአንድ ነበር ብዙ ሥራ ያሠራል፤ እንግሊዝኛው ለየሥራው የተለያየ መልክ አለው።

«ልጅ ሳለሁ አሳ እጠላ ነበር» ብትሉ ድሮ ነው፣ ተለውጧል። «አይ ዩስቱ ሄት ፊሽ»። ይሄ ልክ ነው።

«ስትደውልልኝ አሳ እበላ ነበር» ስትሉስ? ግሱ ያው መልክ አለው፣ ነበሩም ያው ነበር ነው። ትርጉሙ ግን ያን ጊዜ በመብላት ላይ እንደነበራችሁ ብቻ ነው፤ ያኔ ስልኩ ጮኸ፣ እጃችሁ ዘይት ነበር፣ አላነሳችሁም። «አይ ወዝ ኢቲንግ ፊሽ ዌን ዩ ኮልድ»። እዚህ «ዩስቱ» ካስገባችሁ፣ ድሮ እሱ በደወለ ቁጥር አሳ የመብላት ልማድ ነበራችሁ ማለት ነው። አንዳንዱ ይስቃል፣ አንዳንዱ ግራ ይጋባል።

«ጎርጎራ ሄጄ ነበር» ደግሞ የአንድ ጊዜ ጉዞ ነው። ልማድ የለበትም። «አይ ዌንት ቱ ጎርጎራ» ይበቃል።

«እንደመጣህ ባውቅ ኖሮ ወደብ ድረስ እመጣ ነበር» የሚለው አልሆነም፣ ቀርቷል፤ ምኞት ነው። «ኢፍ አይ ሃድ ኖውን፣ አይ ውድ ሃቭ ካም»። ከ«ዩስቱ» ጋር ዝምድና የለውም።

ነበሩን ትታችሁ ግሱን ተመልከቱ። «ሄጄ፣ በልቼ፣ አይቼ» ከሆነ «ዩስቱ»ን እርሱ። «እሄድ፣ እበላ፣ አይ» ከሆነ ግን ገና አልተለየም፤ የድሮውን ጥያቄ ጠይቁት። «ድሮ ስትደውልልኝ አሳ እበላ ነበር፣ አሁን ግን ቀረ» የሚል ጤነኛ ሰው የለም። «ኖሮ» ካያችሁበትም ተዉት።

እንዲህም እያለ የሚያመልጣችሁ አለ። «ድሮ መኪናው ሁሉ በአሮጌው ድልድይ ነበር የሚያልፈው» ሲባል ነበሩ ቦታውን ቀይሯል፣ ትርጉሙ ግን ንጹህ ልማድ ነው። አዲሱ የዓባይ ድልድይ በ2016 ዓ.ም. ተመርቋልና ነገሩ ተለውጧል። «ኦል ዘ ካርስ ዩስቱ ክሮስ ዘ ኦልድ ብሪጅ» ትላላችሁ።

ቁጥር ካለ አትጠቀሙ

«አይ ዩስቱ ሊቭ ኢን ጎንደር» ይባላል። «ሦስት ዓመት» ከጨመራችሁ ግን «ዩስቱ» ትወጣለች፤ «አይ ሊቭድ ኢን ጎንደር ፎር ስሪ ይርስ»። በጠቅላላው ይህን ያህል ጊዜ ሄድኩ ስትሉም እንደዚያው። አማርኛው እዚህ ይረዳችኋል፤ እኛም «ሦስት ዓመት ኖርኩ» ነው የምንለው። «በሳምንት ሁለት ጊዜ እሄድ ነበር» ግን ልማድ ስለሆነ ይቻላል።

ጥያቄና አሉታ ላይ «ዲድ» ይመጣል፦ «ዲድ ዩ ዩስቱ ሊቭ ሂር?»፣ «አይ ዲድንት ዩስቱ ላይክ ኢት»። ስትጽፉ «ዲድ» ካለ የ«used»ን የመጨረሻ «ዲ» ተዉአት። ስትናገሩ ምንም ለውጥ የለም።

ፊቷ «አም» ካለ ሌላ ናት

«አይ አም ዩስቱ ዘ ሂት» ማለት ሙቀቱን ለምጄዋለሁ ነው። ድሮ የሚባል ነገር የለበትም። «አም፣ ኢዝ፣ አር፣ ወዝ» ፊቷ ከቆሙ ትርጉሟ ለመደ ይሆናል። «ጌት» ወይም «ጌቲንግ» ከቆመ ደግሞ መልመዱ ገና በመንገድ ላይ ነው። ከደብረ ማርቆስ መጥቶ በባሕር ዳር ሙቀት ላቡን የሚጠርግ ሰው «አይ አም ጌቲንግ ዩስቱ ኢት» ይላል።

ወጥመዱ ከኋላ ያለው ግስ ነው። እዚህ «ኢንግ» ይጨመርበታል። «አይ አም ዩስቱ ስሊፒንግ አንደር ኤ ሞስኪቶ ኔት» ሲባል አጎበር ውስጥ መተኛት ለምጄዋለሁ ነው። «አይ ዩስቱ ስሊፕ አንደር ኤ ሞስኪቶ ኔት» ከሆነ ግን ድሮ አጎበር ውስጥ እተኛ ነበር፣ ዛሬ ትቼዋለሁ። በአንዲት «አም» ስንት ነገር እንደተገለበጠ እዩ። የስልክ የትርጉም መተግበሪያዎችም እዚህ ላይ ሊሳሳቱ ይችላሉ። አማርኛ አስገብታችሁ የወጣላችሁን ከመቀበል፣ እንግሊዝኛውን ራሳችሁ አውጥታችሁ ድምፃችሁን ቀድታችሁ መስማት ይሻላል። «አም»ዋ በችኮላ ስትዋጥ የሚታወቃችሁ ያኔ ነው።

«ሰ» ወደ «ዘ» ሲቀየር

ታንኳ በምን እንደሚሠራ የሚጠይቅ አይጠፋም። «ደንገል ኢዝ ዩዝድ ቱ ሜክ ታንኳ»። ጽሕፈቱ ካየነው ጋር አንድ ነው፣ ንባቡ ግን «ዩዝድ ቱ» ነው፤ «ዘ»ውም «ዲ»ውም ይሰማሉ። ትርጉሙም ደንገል ታንኳ ለመሥራት ያገለግላል ማለት ነው። «ደንገል ኢዝ ዩስቱ…» ካላችሁ ደንገሉ አንድ ነገር ለመደ ሊመስል ነው።

ጽሑፍ ላይ ስታገኟት በፍጥነት ለመለየት፣ ከፊቷ ያለው ነገር መልመድ የሚችል መሆኑን ጠይቁ። ሰው ይለምዳል፣ በሬም ይለምዳል። ደንገል፣ ብርና ቢላዋ አይለምዱም፤ እነሱ ያገለግላሉ።

መልስ ስትሰጡ

እንግዳው «ዱ ዩ ፊሽ?» ብሎ ጠየቃችሁ፤ ድሮ ታጠምዱ ነበር፣ አሁን ትታችኋል። ሙሉውን መድገም አያስፈልግም። «ኖ፣ በት አይ ዩስቱ» ብላችሁ አቁሙ። ግሱን ሳትደግሙ ቀሪው ይገባዋል። ቀጥሎ ለምን እንደተዋችሁት መጠየቁ ስለማይቀር፣ እሱን አስቀድማችሁ አዘጋጁ።