ባጁን ከባለቤቱ ስም አትነጥሉት፦ የሚሊሺያ ባጅ ሰብሳቢዎች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ድሬዳዋ ከፊራ ገበያ፣ ቁልፍና ክር ከሚሸጥበት መደዳ፣ አንዲት እናት የወተት ዱቄት ጣሳ ከፈቱልኝ። ውስጡ የተፈታ ዚፕ አለ፣ የተሰበረ የእጅ ሰዓት አለ፣ ጥቂት አሮጌ ሳንቲም አለ፤ ከሥር ደግሞ ጠቁሮ የተኛ የደረት ባጅ። «የወንድሜ ነው። ዘምቶ ካራማራ ቀረ» አሉኝ። የጠየቁኝን ከፍዬ፣ አመስግኜ፣ ባጁን በመሀረብ ጠቅልዬ ሄድኩ። የወንድማቸውን ስም አልጠየቅሁም። ከየት እንደዘመተ፣ ፎቶ ይኖረው እንደሆነ አልጠየቅሁም። ከዓመት በኋላ ስመለስ ቦታው ላይ ሌላ ሰው ሽንኩርት ዘርግቶ ነበር፤ እሳቸው የት እንደገቡ የሚያውቅ አጣሁ።

በዚህ ነገር ብዙ ስህተት ሠርቻለሁ። እስከዛሬ የሚቆጨኝ ግን ይህ ስለሆነ ከእሱ እጀምራለሁ።

ስም ሳይጠይቁ መግዛት

ሚያዝያ 4 ቀን 1969 የእናት አገር ጥሪ ሲታወጅ ከየክፍለ ሀገሩ የተጠራው ገበሬ ታጠቅ ጦር ሰፈር ጥቂት ወር ሰልጥኖ ነው ወደ ምሥራቅ የተጫነው። በነሐሴ ድሬዳዋ ራሷ በሶማሊያ ጦር ተጠቃች፤ በመስከረም ጅጅጋ ተያዘች፤ ሐረር እስከ ጥር 1970 ድረስ ጠላት በሯ ላይ ቆሞ ከረመ፤ የካቲት 26 ቀን ጅጅጋ ተመለሰች። ከዚያ ዘመን የተረፈ ባጅ በማሽን የተመታ ቆርቆሮ ነው፤ መቶውን ብትደረድሩት አንዱ ከሌላው አይለይም። የሚለየው ማን እንዳደረገው ስታውቁ ብቻ ነው።

ስለዚህ ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት ስም ጠይቁ። የዘማቹን ሙሉ ስም፣ የተመዘገበበትን ቀበሌ ወይም የገበሬ ማኅበር፣ የዘመተበትን ወርና ዓመት፣ መመለስ አለመመለሱን። ያንኑ ዕለት ጻፉት፤ ነገ ስትሉ ግማሹ ይጠፋል። ደግሞ ገበያ መሃል ቆሞ ወንድም የሞተበትን ሰው መጠየቅ ነውር ነው። ቤት ድረስ ሂዱ፣ ቡና ይፈላ፣ ረጋ ብላችሁ አድምጡ። ከሰዓት በኋላ ድሬ ሙቀቱ ሲከብድና ሰው በርጫ ላይ ሲቀመጥ ወሬው ራሱ እየፈሰሰ ይመጣል፤ ያኔ መስማት እንጂ መጠየቅ አያስፈልግም።

ነጋዴዎች የምስክር ወረቀቱን ለአንዱ፣ ፎቶውን ለሌላው፣ ባጁን ለሦስተኛው ይሸጣሉ፤ ትርፉ እንደዚያ ስለሚበዛ። ሦስቱ አንድ ላይ ሲቀርቡላችሁ አቅማችሁ ካልቻለ አንዱን መዝዛችሁ አትግዙ። ሌላ የሚችል ሰው ጥሩና ሦስቱን አብሮ ይግዛ።

ዓመቱን በፈረንጅ አቆጣጠር ማንበብ

የኛው ልጆች እንኳ ይሳሳቱበታል። ባጁ ላይ 1969 የሚል ሲያዩ በስልክ ይፈልጉና «የጃንሆይ ዘመን ነው» ይላሉ። የኛ 1969 በፈረንጆቹ ከመስከረም 1976 እስከ መስከረም 1977 ያለው ነው፤ የሰባት ስምንት ዓመቱ ልዩነት አንድን ባጅ ከአንድ መንግሥት ወደ ሌላ መንግሥት ያሻግረዋል። ፲፱፻፷፱ ተብሎ በግእዝ አኃዝ የተጻፈ ሲገጥማችሁ ደግሞ ከሳንቲም ተማሩ፦ በዚያ ዓመት የወጣው አሮጌ ሳንቲም የአንበሳው ራስ ባለበት በኩል ይኸው ቁጥር አለበት። እኔ አንዱን ሁልጊዜ ኪሴ ውስጥ እይዛለሁ።

ፊደሉን ከዘመኑ ጋር አለማገናዘብ

ሐረር ፈረስ መጋላ አካባቢ አንድ ሻጭ «ካራማራ ላይ የተደረገ» ብሎ ባጅ አሳየኝ። ቀለሙ ደምቋል፣ መርፌው ጠንካራ ነው። አጉሊ መነጽር አውጥቼ ሳየው ከኮከቡ ሥር «ኢሕዲሪ» ይላል። ኢሕዲሪ፣ ማለትም የኢትዮጵያ ሕዝባዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ፣ የሚባለው ስም የመጣው 1979 አልቆ 1980 ሊጠባ ሲል ነው፤ ካራማራ ያን ጊዜ አሥረኛ ዓመቱን ሊደፍን ነበር። ባጁ እውነተኛ ነው፤ ውሸቱ ታሪኩ ነው።

ይህን በቃላችሁ ያዙ። ዘውድ ያለበት ባጅ ለሚሊሺያ ተብሎ አልተሠራም፤ ዘውዱ በመጋቢት 1967 ተሰርዟል። ኢሠፓአኮ (የኢትዮጵያ ሠርቶ አደሮች ፓርቲ አደራጅ ኮሚሽን) ከታኅሣሥ 1972 በፊት አልነበረም፤ ፓርቲው ራሱ፣ ኢሠፓ፣ ከመስከረም 1977 በፊት አልነበረም። «ኢትዮጵያ ትቅደም» ግን ከ1966 ክረምት ጀምሮ ለዓመታት የተባለ ስለሆነ ለብቻው ዓመት አይነግራችሁም። አንድ ነገር ግን አትርሱ፤ ሰው ያለውን ነው የሚያደርገው። አባቱ ክብር ዘበኛ የነበረ ሚሊሺያ የአባቱን ባጅ አድርጎ ዘምቶ ሊሆን ይችላል። ያንን የሚነግራችሁ ፎቶ ወይም ቤተሰብ ነው፣ ሻጭ አይደለም።

ሚሊሺያንና አብዮት ጥበቃን መቀላቀል

እዚህ ላይ ቀስ እንበል።

ገበያ ላይ ሁለቱም «የሕዝብ ጦር» ተብለው በአንድ ሳህን ይቀርባሉ። ሚሊሺያው ግንባር የዘመተው ነው። አብዮት ጥበቃው የቀበሌው ጓድ ነው፤ ሰፈር ይጠብቃል፣ ኬላ ላይ ይፈትሻል፣ በድሬና በሐረር ከተማ ሲከበብም ጠመንጃ ይዞ ያደረ አለበት። በዚያው ዓመት ግን ቀይ ሽብር ነበር። የቀበሌ ጓዶች ሰው ከቤቱ እያወጡ ወስደዋል፤ የተወሰደው ሳይመለስ የቀረበት ቤት እስከዛሬ አለ።

እኔ ይህን የተማርኩት ሳቢያን ውስጥ አንድ ጎረቤት ቤት ነው። የሰበሰብኳቸውን በጨርቅ የተሸፈነ ትሪ ላይ ደርድሬ፣ ደስ ብሎኝ፣ ቡና እስኪቀርብ ለማሳየት ከፈትኩት። የቤቱ እናት አንዷን ባጅ አይተው ረከቦቱን ትተው ተነሡ። ጓዳ ገብተው ቆዩ። ሲመለሱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «አቦ ልጄ፣ እሷን ወዲያ አድርግልኝ፤ የታላቅ እህቴን ልጅ የወሰደው ሰው ደረት ላይ ነበረች» አሉኝ። ሌላ ቀን ደግሞ ለገሃሬ አንድ አባት ያችኑ የመሰለች ባጅ ይዘው «ነሐሴ ላይ መድፍ ሲዘንብ የኛን መንገድ ያደርኩበት ናት» ብለው አለቀሱ።

ሁለቱም እውነት ተናግረዋል። ስለዚህ ሁለቱን ለዩ፤ በአንድ ሳጥን፣ በአንድ አርእስት አታስቀምጡ። የአብዮት ጥበቃ ባጅ ስትይዙ ቀበሌውን መዝግቡ፣ የተሰጠውን ምስክርነት መዝግቡ፣ ሰው ቤት ይዛችሁ ስትገቡ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ለጌጥ ልብሳችሁ ላይ አታድርጉት፤ የሚሊሺያውንም ቢሆን። ያልዘመተ ሰው የዘማች ባጅ አያደርግም።

ማጽዳት

ብዙ ባጅ የሚሞተው በሌባ እጅ ሳይሆን በሎሚ ነው። አንድ ወጣት ሰብሳቢ «አብዮታዊት እናት አገር ወይም ሞት» የሚል ባጅ አግኝቶ በሎሚና በአመድ ሁለት ቀን ፈተገው። ሲያመጣልኝ እንደ አዲስ ማንኪያ ያብረቀርቃል። ቀዩ ቀለም ግን ከኮከቡ ጫፍና ጫፍ ተነቅሏል፤ «ሞት» ከሚለው ውስጥ «ት» ጠፍታ ለስላሳ ናስ ሆናለች። ያ ጥቁረት ቆሻሻ አይደለም። ብረቱ በአርባ ዓመት ያበቀለው ቆዳ ነው፤ ከሥሩ ያለውን የሚጠብቀውም እሱ ነው። አንዴ ከተገፈፈ አይመለስም።

ደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ይበቃል። በፊደል መሃል የገባውን አፈር በእንጨት ስንጥር አውጡ፣ በመርፌ አትንኩት። አረንጓዴ ዱቄት የሚያወጣ ከሆነ ለብቻው አግልሉት፣ ዱቄቱን በስንጥሩ አንሡ፣ እዚያ ላይ አቁሙ። ሳሙናም፣ የመኪና መወልወያም፣ ኮካም አይነካው።

ጀርባውን ሳያዩ ዋጋ መስማማት

ፊቱ ያማልላል፣ ጀርባው ይመሰክራል። በማሽን የተመታ ባጅ ጠርዙ ስል ነው፣ ፊደሉ ጥርት ያለ ነው። ከእሱ ላይ ቅርጽ ተወስዶ ብረት ቀልጦ የፈሰሰበት ቅጂ ግን ፊቱ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ጥቃቅን ጉድጓድ አለበት፣ ፊደሉ ደንዝዟል፣ ብረት ሲበርድ ስለሚኮማተርም ከእውነተኛው በጥቂቱ ያንሳል። መርፌው የተበየደበት ቦታ አዲስ ከሆነና የቀረው ካረጀ ቢያንስ መርፌው ተቀይሯል። መቀየሩ ብቻውን ወንጀል አይደለም፣ ሰው ባጁ ሲሰበርበት ያስበይዳል፤ ዋጋው ላይ ግን ይናገራል።

በውጭ አገር ስምና በውጭ ዋጋ መታለል

እንግሊዝ አገር ዘመድ ያላቸው ልጆች ሆም ጋርድ የሚባለውን የእንግሊዞች የሕዝብ ጦር ባጅ ያስመጣሉ። መልካም ነው፤ ነገሩ ከኛው ይመሳሰላልና። በፈረንጆች ግንቦት 14 ቀን 1940 በራዲዮ በጎ ፈቃደኛ ተጠራ፣ መጀመሪያ የተሰጣቸው ክንድ ላይ የሚታሰር ጨርቅ ነበር፣ በታኅሣሥ 1944 ከግዳጅ ተሰናበቱ። ስህተቱ «የሆም ጋርድ ቆብ ባጅ» የሚባለውን በእጥፍ መግዛት ነው። እነሱ ቆባቸው ላይ የሚያደርጉት የየአውራጃቸውን መደበኛ ጦር ባጅ ነበር፤ ባጁን ብቻ አይቶ የሆም ጋርድ ነው የሚል ሰው የለም። የሚለየው ትከሻ ላይ የሚሰፋው ጨርቅ ነው፤ ስሙ፣ ከሥሩ የአውራጃው ፊደላት፣ ከዚያ የሻለቃው ቁጥር። ደግሞ ፕላስቲክ የሆነ የቆብ ባጅ ሲደርሳችሁ «አስመስሎ የተሠራ» ብላችሁ አትጣሉት፤ በጦርነቱ ብረት ሲያጥር በፕላስቲክ ሠርተዋል።

አቀማመጥ

ለስላሳ የፕላስቲክ ከረጢት ድሬ ሙቀት ላይ ያልበዋል፣ ባጁን አረንጓዴ ሙጫ ያለብሰዋል። ወረቀት ፖስታና የታጠበ ጥጥ ጨርቅ ይሻላል። ሐረር ላሉ ችግሩ የክረምቱ እርጥበት ነው፤ ከግንቡ አርቁት።

ከአገር ማውጣት

የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል። ትንሽ ቆርቆሮ ናት ብላችሁ በሰው ሻንጣ አትላኩ፤ አስቀድማችሁ የከተማችሁን ባህልና ቱሪዝም ቢሮ ጠይቁ። ጀጎል ውስጥ ራስ ተፈሪ ቤት የሚገኘውን የሸሪፍ ሙዚየም ያየ ሰው አንድ ሰብሳቢ የያዘው ነገር በከተማው ሲቀር ምን እንደሚሆን ያውቃል።

ቤተሰብ ሲጠይቅ መከልከል

ከቢሲዲሞ አንድ ሰው የአባቱ ባጅ እኔ ዘንድ እንዳለ ሰምቶ መጣ። ከገዛሁበት በላይ አልተቀበልኩም። ፊቱንና ጀርባውን ፎቶ አነሣሁ፣ ካርዱ ላይ የአባቱን ስም ራሱ ጻፈልኝ፣ የተመዘገቡበትንና የተመለሱበትን ወር ጨመረበት። ባጁ አሁን እናቱ ቤት ነው። ካርዱ ከነስሙ እኔ ዘንድ አለ።