ዛንዚባር ወይስ ኢስታንቡል? የጫጉላ ጉዞ ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት

የምሠራው ቦሌ ትኬት ቢሮ ውስጥ ነው። ሙሽሮች ፊቴ ሲቀመጡ ክርክሩን ከቤት ይዘውት ነው የሚመጡት። አንዱ ጸጥ ያለ ደሴት ይላል፣ ሌላው ደመቅ ያለ ከተማ። ብዙ ጊዜ ስማቸው የሚነሳው ዛንዚባርና ኢስታንቡል ናቸው። እኔ ግን ከሁሉ በፊት የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ሰርጉ መቼ ነው?

የእኛ ሰርግ ወቅት አለው። አንዱ ከጥምቀት በኋላ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ነው። ሌላው ከፋሲካ በኋላ። የውሳኔውን ግማሽ ይሄ ይጨርስላችኋል።

ጥር ላይ የምትጋቡ ከሆነ ዛንዚባር ሂዱ። ያኔ ደሴቷ ደረቅ ናት። ሙቀቱ ይከብዳል፣ ባሕሩ ግን ለብ ያለ ነው። ኢስታንቡል በዚያው ወር ብርድና ዝናብ ነው፤ አንዳንዴ በረዶም ይጥላል። ከፋሲካ በኋላ ነገሩ ይገለበጣል። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ዛንዚባር ላይ ዋናው ዝናብ ይወርዳል። ሆቴል የሚረክሰውም ያኔ ነው፤ ዋጋውን ብቻ አይታችሁ አትጣደፉ። ጭራሽ የሚዘጉ ሆቴሎችም አሉ። ኢስታንቡል ግን ሚያዝያ ላይ ፓርኮቿ በቱሊፕ አበባ ይሞላሉ፣ አየሩም በእግር ለመዞር የተመቸ ነው። በዚያ ላይ በዓለ ሃምሳ ስለሆነ ረቡዕና ዓርብም አይጾምም፤ የጾም ምግብ ፍለጋ አትንከራተቱም።

ቀጥሎ ድካማችሁን አስቡ። ሰርጉ፣ መልሱ፣ ቅልቅሉ፣ የዘመድ ጥሪው፤ ይሄ ሁሉ ሰውነት ይጨርሳል። በመልሱ ማግስት ለሊት የሚበሩ ሙሽሮች አሉ። እባካችሁ አታድርጉት። በተለይ ወደ ኢስታንቡል። ከተማዋ ዳገትና ቁልቁለት ናት፣ አሮጌው ሰፈር መንገዱ ድንጋይ ንጣፍ ነው፣ ቀኑን ሙሉ በእግር ነው የምትውሉት። ደክሞት የሄደ ሰው መሐል ከተማ ያለ ሆቴል በውድ ተከራይቶ ተኝቶ ይውላል። ቢያንስ ሁለት ሦስት ቀን ቤታችሁ ተኙና ሂዱ። ደሴት ላይ ግን መተኛትም የጉዞው አካል ነው።

አሁንም ካልተስማማችሁ ለየብቻ ይቺን መልሱ፦ ባለፈው ሥራ ያልነበረበት እሁድ ምን አደረጋችሁ? የምትመኙትን አይደለም፣ ያደረጋችሁትን። ከቤት ሳይወጣ ሶፋ ላይ የዋለ ሰው ደሴት ይስማማዋል። ከቅዳሴ መልስ ጓደኛ ጠርቶ ከካፌ ካፌ ሲል ያመሸ ሰው ግን በሦስተኛው ቀን ባሕሩን ማየት ይሰለቸዋል።

ዛንዚባር ካላችሁ፣ ሆቴል ከመያዛችሁ በፊት የባሕሩን መሙላትና መሸሽ እወቁ። እኛ ደገኞች ይሄን ነገር አናውቀውም። አንድ ደንበኛዬ እዚያው ሆኖ ደውሎ «እህቴ፣ ባሕሩ እኮ የለም!» አለኝ። እውነቱን ነው። በምሥራቁ ዳርቻ፣ ፓጄና ጃምቢያኒ፣ ውኃው በቀን ሁለቴ ይሸሻል። ዳርቻው ላይ ቆማችሁ ስታዩ ነጭ አሸዋ፣ እዚህም እዚያም የቀረ ኩሬ፣ ያዘመመ ጀልባ ብቻ ነው። ራቅ ብሎ ሴቶች ጎንበስ ብለው የባሕር አረም ይሰበስባሉ፤ ችካል ተክለው፣ ገመድ ወጥረው ነው የሚያለሙት። ከሰዓታት በኋላ ውኃው ይመለሳል። ሰዓቱ በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ ገደማ ስለሚገፋ ዛሬ ጧት የዋኛችሁበት ሰዓት በሳምንቱ ደረቅ ይሆናል። ለእግር ጉዞና ለፎቶ እንደዚህ ዳርቻ ያለ አላውቅም። ቀኑን ሙሉ መዋኘት ከፈለጋችሁ ግን ወደ ሰሜን፣ ኑንግዊ ወይም ኬንድዋ ያዙ፤ እዚያ ውኃው ብዙም አይርቅም። ኑንግዊ ሰው ይበዛዋል። ጸጥታ ለሚፈልግ ጃምቢያኒ ትሻላለች።

ኢስታንቡል ካላችሁ ለገበያ ብቻ አትሂዱ። ነጋዴዎቻችን ላሌሊ የሚባለውን የገበያ ሰፈር እንደ መርካቶ ያውቁታል፣ ሙሽሮችም እዚያው ገብተው ሻንጣ ሲሞሉ ይከርማሉ። አንድ ቀን መድቡለት፣ ይበቃል። ካፓሊ ቻርሺ የሚባለው ጥንታዊው የተሸፈነ ገበያ እሁድ ዝግ ነው፤ ፕሮግራም ስታወጡ እንዳይረሳ። ከሁሉ የምወደው ጀልባው ነው። ከኤሚኖኑ ካዲኮይ የሚሻገረው የሕዝብ ጀልባ ነው፤ እንደ አውቶቡስ በካርድ ነው የሚከፈለው። ውጪ ተቀመጡ። ሻይ በትንሽ ብርጭቆ ይመጣል፣ ሰዉ ሲሚት የሚባለውን ቀለበት ዳቦ እየቆረሰ ይወረውራል፣ ወፎቹ አየር ላይ ይቀልቡታል። ከአውሮፓ ተነስታችሁ እስያ ደረሳችሁ፤ ሃያ ደቂቃ ምናምን ነው።

ሁለታችሁም ካልተሸናነፋችሁ፣ ሁለቱም ቦታ ማስታረቂያ አለው። ከኢስታንቡል በጀልባ ቡዩካዳ የምትባል ደሴት አለች። የግል መኪና አይገባባትም፣ የድሮ የእንጨት ቤቶች አሏት፣ ኮረብታው ጫፍ ላይ የቅዱስ ጊዮርጊስ ገዳም አለ። በእነሱ አቆጣጠር ኤፕሪል 23፣ በእኛ ሚያዝያ 15፣ ክርስቲያኑም እስላሙም ስለት ሊሳል ይወጣል። አንድ ሌሊት እዚያ እደሩ። ዛንዚባር ላይ ደግሞ የመጀመሪያውን አንድ ሁለት ቀን ስቶን ታውን ሁኑ። ጠባብ መንገዶቿ፣ የተቀረጹት የእንጨት በሮቿ፣ ማታ ፎሮዳኒ መናፈሻ ላይ የሚጠበሰው ዓሣና ሥጋ፤ ከተማ ለሚወደው ይሄ ይክሰዋል። ሕዝቡ በአብዛኛው ሙስሊም ነው፣ ከተማ ስትገቡ ትከሻና ጉልበት ሸፈን አድርጉ። ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ስለሚቀድም ከጉዟችሁ ጋር እንዳይገጥም ቀኑን እዩ፤ ከገጠመ ከሆቴል ውጪ ቀን ላይ ምግብ አታገኙም ማለት ይቻላል።

በረራው ወደ ዛንዚባር በቀጥታ ሦስት ሰዓት አይሞላም ወይም እዚያው አካባቢ ነው፣ ወደ ኢስታንቡል ከአምስት ሰዓት በላይ። የሁለቱም ሰዓት ከእኛ ጋር እኩል ነው። ዛንዚባሮች እርስ በርስ ሰዓት የሚቆጥሩት እንደ እኛ ከንጋት ጀምረው ነው፣ ከእንግዳ ጋር ግን በፈረንጁ ያወራሉ። ሾፌር ስትቀጥሩ የትኛው እንደሆነ አረጋግጡ።

ወረቀቱን በመጨረሻ ሳይሆን አሁኑኑ ጀምሩ። ቪዛ ሳይያዝ ሆቴል አይከፈልም፤ ከከፈላችሁም ሊሰረዝ የሚችለውን ምረጡ። ወደ ዛንዚባር የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ያስፈልጋችኋል፣ ካርዱ የሚሠራው ከተከተባችሁ ከ10 ቀን በኋላ ነው፤ ስለዚህ ከሰርጉ ግርግር በፊት ተከተቡ። እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ ደግሞ ዛንዚባር የራሷን የጉዞ መድን ታስገድዳለች፤ ሲጀመር ለአንድ አዋቂ 44 ዶላር ነበር፣ ከመሄዳችሁ በፊት በኢንተርኔት ይከፈላል። ዛንዚባር ያለችባት ታንዛኒያ የፕላስቲክ ከረጢት ስለከለከለች እናቶቻችን በፌስታል የሚቋጥሩትን ቆሎና ዳቦ ቆሎ በጨርቅ ከረጢት አስቀይሩ።