ከረባት ከቀበቶው ዘለበት ላይ ልክ እንዲያርፍ

ከረባታችሁ አንዴ እምብርት ላይ ቀርቶ፣ አንዴ ከቀበቶ በታች ወርዶ እያስቸገረ ደጋግማችሁ የምትፈቱ ከሆነ፣ ሰፊውን ጫፍ ተዉትና ጠባቡን ያዙ።

ማሰር ከመጀመራችሁ በፊት ጠባቡ ጫፍ ስንተኛው የሸሚዝ ቁልፍ ጋ እንደደረሰ እዩ። እሰሩት፤ ቀጥ ብላችሁ ቁሙ። የሰፊው ጫፍ ሹል ዘለበቱን ሁለት ጣት ካለፈው ፍቱትና ጠባቡን ከነበረበት ሁለት ጣት ዝቅ አድርጋችሁ ጀምሩ። ካጠረ ደግሞ ያንኑ ያህል ከፍ። ልክ ሲመጣ ቁልፏን አስታውሱ (የኔ አራተኛዋ ናት)፤ ከዚያ በኋላ መስታወት ፊት መታገል የለም።

አስተሳሰራችሁ እስካልተቀየረ ድረስ ቋጠሮው የሚበላው ጨርቅ ያው ነው። ስለዚህ በጠባቡ በኩል ያስረዘማችሁት ከሰፊው ላይ ይቀነሳል፣ ሌላ ምስጢር የለውም።

ግን ልኩ የሚሠራው ለዚያው ከረባትና ለዚያው ቋጠሮ ብቻ ነው። ወፍራም የሱፍ ከረባት ወይም ዊንዘር የሚባለው ትልቁ ቋጠሮ ብዙ ጨርቅ ስለሚበላ ጠባቡን ከፍ አድርጋችሁ መጀመር አለባችሁ። የቁልፎቹ ርቀት ከሸሚዝ ሸሚዝ እንደሚለያይም አትርሱ።