«ሻዮ»ን ለምታነቡ፦ እኔ የተሳሳትኩትን አትሳሳቱ

የጃፓናዊውን ደራሲ የኦሳሙ ዳዛይን «ሻዮ» መጀመሪያ ያነበብኩት ጊዜ ሠላሳ ገጽ እንኳ ሳልደርስ ዘጋሁት። ደበረኝ። ከዓመታት በኋላ ስመለስበት ጥፋቱ የኔ እንደነበር ገባኝ። እ.ኤ.አ. በ1947 የወጣ ትንሽ ልብ ወለድ ነው። አንዲት የመሳፍንት ዘር እናትና ሴት ልጇ ካዙኮ ከጦርነቱ በኋላ የቶኪዮ ቤታቸውን ሸጠው ኢዙ ወደሚባል ገጠር ይገባሉ። የካዙኮ ወንድም ናኦጂ ከግንባር ገና አልተመለሰም።

ከርእሱ ልጀምር። እንግሊዝኛውን ያየ ሰው «የምትጠልቅ ፀሐይ» ይለዋል። የጃፓንኛው ቃል ግን ያጋደለች ፀሐይ ማለት ነው። የኛው «አዘቀዘቀች» ይበልጥ ይጠጋዋል። ጀምበር ስታዘቀዝቅ ገና ብርሃን አለ፤ ከብቱም ገና አልገባም። እነዚህ ሰዎች ያሉት እዚያች ሰዓት ላይ ነው።

ትልቁ ስህተት የሾርባዋን ገጽ መዝለል ነው። እናትየው ቁርስ ላይ ሾርባ ትጠጣለች፣ በቃ። ይሄ ምኑ ይነበባል ብዬ አልፌው ነበር። እስቲ ቀስ ብላችሁ እዩአት። ሳህኑ ላይ አታጎነብስም። ቀና ብላ፣ ዓይኗን ወደ መስኮቱ ጣል አድርጋ፣ ማንኪያውን እንደ ወፍ ክንፍ ታመላልሰዋለች። ከጫፉ ወደ አፏ ታንቆረቁራለች። ከደንቡ ውጪ ነው፣ ግን ያምርባታል። ካዙኮ እንደሷ ማድረግ ስለማይሆንላት በደንቡ መሠረት አጎንብሳ ትጠጣለች። ጨዋነት በትምህርት የሚገኝና በደም ያለ ሲለያይ እንዲህ ነው።

እዚያው መጀመሪያ ላይ እናትየው አንድ ማንኪያ ቀምሳ «አ!» ትላለች፣ በስሱ። «ፀጉር ነው?» ትላታለች ልጇ። «አይ» ብላ መጠጣቷን ትቀጥላለች። ኋላ ላይ ነው ነገሩ የሚገለጠው። ወሬው የጠፋው ናኦጂ ትዝ ብሏት ነው። ይህችን «አ» ያለፈ ሰው መጽሐፉን ገና አልጀመረውም።

ሌላው ስህተት የኛው የአበሾቹ ነው። ባላባት ወደቀ ሲባል 1966 ዓ.ም. ይመጣብናል። ወታደር፣ እስር፣ «መሬት ላራሹ»። እዚህ ያንን ከጠበቃችሁ ታዝናላችሁ። ማዕረጉ የቀረው እ.ኤ.አ. በግንቦት 1947 ሥራ ላይ በዋለው ሕገ መንግሥት ነው። ሀብቱ በግብር፣ እርሻው በመሬት ሕግ ሄደ። ስለዚህ በር የሚደበድብ ጠላት የለም። አጎት መጥቶ «ቤቱ ይሸጥ» ይላል፣ ኪሞኖ አንድ በአንድ ይሸጣል፣ ካዙኮ ቆፍራ አትክልት ትተክላለች። ለኔ ይሄ ከታንክ ይልቅ ያስፈራል።

ናኦጂን ይዞ «ይሄ ራሱ ዳዛይ ነው» የሚልም አይጠፋም። ዳዛይ እ.ኤ.አ. በሰኔ 1948 ራሱን ስላጠፋ ሰው መጽሐፉን እንደ ኑዛዜ ያነበዋል። ናኦጂ እሱን መምሰሉ እውነት ነው። ግን እዚያው መጽሐፉ ውስጥ ያለው ሰካራሙ ደራሲ ኡዬሃራም ይመስለዋል። የካዙኮን ድምፅ ደግሞ ብዙውን ያገኘው ኦታ ሺዙኮ ከተባለች ሴት የግል ማስታወሻ ነው። ተራኪዋም ካዙኮ ናት። ወንዶቹን ብቻ ስትከተሉ እሷ ታመልጣችኋለች።

ለዚህ ነው ደብዳቤዎቿን እንደ ተራ የፍቅር ደብዳቤ አትሩጡባቸው የምለው። ለኡዬሃራ ትጽፋለች፤ ባለትዳር ነው፣ መልስም አይሰጣትም። ኤም.ሲ. ትለዋለች። መጀመሪያ በእንግሊዝኛ «ማይ ቼኾቭ»፣ «የኔ ቼኾቭ» ማለቷ ነው፤ እንደ ሩሲያዊው ደራሲ። ትርጉሙ ግን እየተቀየረ ይሄዳል፤ በመጨረሻው ደብዳቤ «ማይ ኮሜዲያን»፣ «የኔ ኮሜዲያን» ሆኗል። ያኔ እናቷ ሞታለች፣ ወንድሟም የለም፣ እሷ ግን አርግዛለች። ያንን ደብዳቤ ስታነቡ ማን ማንን እያሰናበተ እንደሆነ ልብ በሉ።