በእንግሊዝኛ ደብዳቤ ላይ የሚያምታቱን ግሶች

ደሴ ፒያሳ ማመልከቻ ሊያስጽፍ ኮምፒውተር ቤት የሚገባ ሰው ብዙ ጊዜ «እንግሊዝኛውን ጠንከር አድርጊልኝ» ይላል። ጠንከር ሲል ከበድ ያለ ግስ ማለቱ ነው። ችግሩ እዚያው ላይ ይጀምራል። ከበድ ያሉት ግሶች መልካቸው ይመሳሰላል እንጂ ሥራቸው ለየቅል ነው።

«ሪሲቭ»ን ከ«አክሴፕት» ማምታታት የመጀመሪያው ስህተት ነው። በእኛ ቋንቋ ሁለቱም «ተቀበለ» ናቸው። ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ ዕቃ ለሚረከብ ሰው ግን ልዩነቱ የገንዘብ ነው። «ሪሲቭ» ዕቃው እጄ ገባ ማለት ብቻ ነው። «አክሴፕት» ደግሞ ዕቃውን ተስማምቼበታለሁ የሚል ትርጉም ይሰጣል። እንበልና 40 ካርቶን ክር መጣ፤ 3ቱ ውኃ ገብቷቸዋል። ርክክቡ ላይ «40 ካርቶን አክሴፕትድ» ብሎ የፈረመ ሰው ነገ «ሦስቱን ቀይሩልኝ» ቢል ላኪው ያንኑ ወረቀት ያወጣበታል። «ሪሲቭድ» ብሎ ከጎኑ የ3ቱን ጉዳት ቢጽፍ ግን አፉን ሞልቶ ይከራከራል። ይሄ የቃላት ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1979 በወጣው የብሪታንያ የዕቃ ሽያጭ ሕግ መሠረት፣ ዕቃውን «አክሴፕት» ያደረገ ነጋዴ የመመለስ መብቱን በአብዛኛው ያጣል። መረከብ ብቻውን ግን መስማማት ተብሎ አይቆጠርም።

ሁለተኛው፣ «እናረጋግጣለን» የሚለውን ሁሉ በአንድ ግስ መወጣት። ዋናው ራስ ምታት ይሄ ነው። የሥራ ልምድ ደብዳቤ ላይ ያለው «ሰርቲፋይ» ነው፤ ኃላፊነት ወስዶ በፊርማ መመስከር። ሐሙስ ያልነው ቀጠሮ እንዳለ ነው ለማለት «ኮንፈርም» ይበቃል። ቀጣሪው የላካችሁትን ዲፕሎማ እውነተኛነት ኮሌጁ ጋ ደውሎ ሲያጣራ ደግሞ «ቬሪፋይ» አደረገ ይባላል።

እዚሁ ሰፈር «ኢንሹር» እና «አሹር» አሉ። «አሹር» ሰው ይፈልጋል፤ አንድን ሰው «አታስብ፣ ሰኞ ይደርሳል» ማለት ነው። «ኢንሹር» ጭነቱ ሰኞ እንዲደርስ ማድረግ ነው። አንዱ ወሬ፣ ሌላው ሥራ! ለአለቃችሁ የምትጽፉት ሁለተኛውን ይሁን። በእንግሊዝኛ ሲጻፍ በ«ኢ» (E) ፊደል ይጀምር፤ በ«አይ» (I) ከጀመረ በተለምዶ መድን መግባት ነው።

«ዲማንድ» ለማመልከቻ አይሆንም። ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ያለ የውጭ አገር ሥራ አስኪያጅ «አይ ዲማንድ» የሚል የፈቃድ ጥያቄ ሲደርሰው፣ ትሕትናችሁ ሳይሆን ቁጣችሁ ነው የሚታየው። «ሪኩዌስት» በቂ ነው። ግስ ሲሆን «ፎር» አይከተለው፤ «አይ ሪኩዌስት አኑዋል ሊቭ» ብላችሁ ጨርሱ።

«ዲስከስ» ላይም «አባውት» አትጨምሩ።

የመጨረሻው «ደናይ» ነው። ደንበኛው «ዕዳ የለብኝም» ካለ «ደናይ» አደረገ፤ ክዷል ማለት ነው። «አለብኝ፣ ግን አልከፍልም» ካለ ደግሞ «ሪፊውዝ» ነው። ፈቃድ ሲከለከልም «ደናይድ» ይባላል፣ ልክ ነው። «ደናይድ ቱ ፔይ» ግን እንግሊዝኛ አይደለም። ለጠበቃ በሚላክ ደብዳቤ ላይ ደግሞ ካደ እና እምቢ አለ መለየት አለባቸው፤ ለካደ ሰው ዕዳው መኖሩን ማስረዳት ሊኖርባችሁ ነው፣ እምቢ ያለው ግን ዕዳውን በራሱ አፍ አምኗል።